ያገለገለ ካኖን 6ዲ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ለዓመታት የያዛችሁት ንገሩኝ

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሰርግና ክርስትና ማንሳት ነው። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው። ሌንሶቼ ደግሞ አብሮት የመጣው 18-55 እና 50ሚሜ 1.8 ናቸው። ቀን ቀን አልከፋበትም፣ እንጀራዬ ነው። የሚቸግረኝ ሲመሽና ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ካደረግኩት የሙሽራዋ ፊት ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

አሁን አንድ ሰው ያገለገለ 6ዲ ልሽጥልህ ብሎኛል። ቦዲው ብቻ ነው፣ ሌንስ የለውም። ዋጋው ለኔ ቀላል አይደለም። ዶላሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ካሜራ መጠየቅ እንኳ ትቻለሁ። ስለዚህ ከጥር በፊት ወይ ይህን እገዛለሁ፣ ወይ ለ700ዲው አንድ ደህና ሌንስ። ሁለቱንም አልችልም።

ዩቲዩብ ላይ ያለውን ሁሉ አይቻለሁ። አብዛኛው ካሜራውን ለሳምንት ተውሶ የሚያወራ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው ለዓመታት ይዞት፣ ክረምቱንም አቧራውንም አብሮት አልፎ፣ ዛሬም በእጁ ያለ ሰው ነው። ምኑ ጸና? ምኑ አስቸገረ? ደግሞስ ደንበኛ ልዩነቱን ያያል ወይ?


ጤፍ ሻጩ፦

ደንበኛ የሚያየው ፎቶው ስልኩ ላይ መቼ እንደደረሰው ነው። የኔ ሰርግ ፎቶ ግሩም ነው ይሉኛል። አልበሙ የመጣው ግን ልጃችን ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው። ካሜራ ከመቀየርህ በፊት የምታስረክብበትን ቀን ቀይር። ቀልዴን ነው፣ ግን ግማሹ ቀልድ አይደለም።


ጨለማ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)፦

ዳሞት ወንድሜ፣ የምትፈልገው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። 6ዲዬን እህቴ ከውጭ ስትመጣ ነው ይዛልኝ የመጣችው። ያን ጊዜ አዲስ ነበር። አሁን ቀለሙ በየጠርዙ ተልጧል፣ ግን ያለፈው ሳምንት ሰርግም የተሠራው በሱው ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ሥራህ ጨለማ ውስጥ ከሆነ ግዛው። ሥራህ ፀሐይ ላይ ከሆነ ተወውና ብርህን ሌንስ ላይ አውለው። ደጅ ላይ በደህና ብርሃን በ700ዲህ ያነሳኸውንና በ6ዲ የተነሳውን ጎን ለጎን ባስቀምጥልህ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አንተም እኔም አንለይም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ሴት ነኝ። በክብ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች በር በደቡብ በኩል ነው። ተክሊል ሲደርስ ወንዶቹ ካሜራ ማኖች እንደሚያደርጉት ካህኑ ትከሻ ሥር ገብቼ መቆም አልችልም። ከቆምኩበት ሆኜ በሌንስ ነው የምደርሰው። የሚበራው ጧፍ ነው፣ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት 85ሚሜውን እገጥምና ዳያፍራሙን (የሌንሱን ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 2 ላይ፣ የሻተሩን ፍጥነት 1/125 ሴኮንድ ላይ፣ አይኤስኦውን 6400 ላይ አደርጋለሁ። ሙሽራዋ ካባ ለብሳ፣ አክሊል ደፍታ፣ የጧፉ ብርሃን ጉንጯ ላይ ብቻ ያረፈበት ፎቶ አለኝ። በአልበም ሙሉ ገጽ ታትሟል። እህል እህል ይላል፣ ግን ፊቷ ፊት ነው፣ የካባው ጥልፍም ክሩ ይታያል። ከዚያ በፊት በነበረኝ ክሮፕ (እንዳንተው ሴንሰሩ አነስ ያለ) ካሜራ ይህን ፎቶ አላገኘውም ነበር።

ምክንያቱ ተአምር አይደለም። የ6ዲ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ይህ ነው። በስፋት ካንተው ሴንሰር ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ሰፊ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። በተግባር ከአንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ ማለት ነው) ትንሽ ከፍ ያለ ትርፍ ነው። አንድ ስቶፕ ደጅ ላይ ምንም ማለት አይደለም። ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ግን ፎቶ አለህ ወይም የለህም ማለት ነው።

ሌላው የወደድኩለት ጸጥ የሚለው የሻተር ምርጫ ነው። ድምፁ ጨርሶ አይጠፋም። ቢሆንም ካህናቱ ዞረው አያዩህም፣ እሱ ይበቃል።

አሁን የሚያስቸግረውን ልንገርህ። ካኖን ይህን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ፉል ፍሬም ለሚጀምር ሰው ብሎ ነው። ቦዲው ብቻ 2,099 ዶላር ነበር፣ ያን ጊዜ ለፉል ፍሬም ርካሽ ይባል ነበር። የት እንደቆጠቡ በያዝከው ቀን ታውቀዋለህ፤ ፎከሱ ላይ ነው። ያሉት 11 ነጥቦች ናቸው፣ ከነሱ መስቀለኛው (በቁምም በአግድምም የሚለየው) የመሀሉ ብቻ ነው። የመሀሉ ጉደኛ ነው። እስከ -3 ኢቪ ድረስ ይይዛል፣ ይህም የጨረቃ ብርሃን እንደማለት ነው። የዳር ዳሮቹን ግን ጨለማ ውስጥ አላምናቸውም። ስለዚህ ሁልጊዜ መሀሉን ዓይኗ ላይ አሳርፋለሁ፣ መጫኛውን እስከ ግማሽ ይዤ ፍሬሙን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ። በ1.8 ላይ በዚህ መሀል ትንሽ ከተወዛወዝክ ዓይኗ ደብዝዞ ጆሮዋ ይጠራል። 2 ወይም 2.2 የምለው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ላይ ደግሞ ሻተሩ ከ1/4000 አያልፍም። ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የእኩለ ቀን ፀሐይዋን ታውቀዋለህ። አይኤስኦ 100 ላይ በ1.8 ልክፈት ብትል ሻተሩ ያልቅብሃል። ዳያፍራሙን 2.8 ላይ ዝጋው፣ ይበቃሃል። ዝቅ ያለ 50 የሚባል አይኤስኦም በሜኑው ይከፈታል፣ ግን ነጩ ቶሎ ይቃጠላል።

ነጭ ካልኩ አይቀር፣ እኛ አገር ሰርግ ማለት ነጭ ልብስ ማለት ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሀበሻ ቀሚሱ ሁሉ ነጭ ነው፤ መሀሉ ላይ የጠይም ሰው ፊት አለ። ነጩ እንዳይቃጠል ብለህ ፎቶውን ካጨለምከው ፊቱን ኮምፒውተር ላይ ማንሳት አለብህ። 6ዲ እዚህ ላይ ይለግማል። አይኤስኦ 100 ላይ የተነሳውን ጥላ ብዙ ካነሳኸው መስመር መስመር ይወጣዋል። ኒኮን ዲ750 የያዘ ባልደረባ አለኝ፣ በዚህ በኩል ይበልጠኛል፣ አልከራከረውም። እኔ የማደርገው ሚዜዎቹን ወደ ጥላ መውሰድ ነው። ዛፍ ሥር ሲሆኑ ፊትና ነጠላ ይታረቃሉ።

85 1.8 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣች ሌንስ ናት። እወዳታለሁ፣ ግን አመሏን እወቅ። ሙሉ በሙሉ ከፍተሃት ነጭ ነጠላ ጥቁር ነገር ፊት ለፊት ካነሳህ፣ የነጠላው ጠርዝ ሐምራዊ ይሆናል። ጥለቱ እንደዚያ የተሸመነ ነው ወይ ብላ የጠየቀችኝ አማት አለች። 2.8 ላይ ስትደርስ ይጠፋል።

ዳስ ውስጥም እንዲሁ አንድ ጣጣ አለ። ከላይ ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረ ሁሉም ሰው ሰማያዊ ነው፣ ጠጁም ሳይቀር። ይህን ካሜራው በራሱ አይፈታውም፣ የትኛውም ካሜራ አይፈታውም። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ፋይል) አንሳ፣ ቤት ስትገባ ነጩን ከሙሽራዋ እናት ነጠላ ላይ ውሰድ። ጄፔግ ብቻ ካነሳህ ፊቱ አመድ መስሎ ይቀራል።

ስለ ባትሪው አንድ ክፉ ቃል የለኝም። ካኖን በመመልከቻው ብቻ ስትሠራ 1,090 ያህል ፎቶ ይላል፣ ውሸት አልሆነብኝም። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ ጂፒኤስ የሚባለው በርቶ ከተተወ ካሜራው ጠፍቶም ቢሆን ባትሪውን ይመጠዋል። ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሜኑ ውስጥ ግባና አጥፋው፣ ቡሬ እንዳለህ ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግህም። ኮፒ ባትሪ ደግሞ አንድ ጊዜ ገዝቼ አብጦ ከጉድጓዱ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው የገፋ ቢሆንም ኦርጅናሉን እመርጣለሁ።

ካርድ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። ይህ ሰርግ ለሚሠራ ሰው የእውነት ድክመት ነው። ካርዱ ከተበላሸ ሰርጉ አይደገምም። እኔ ትልቅ ካርድ አልይዝም፣ 32 ጊጋ 32 ጊጋ እያደረግኩ እከፋፍለዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በአንዱ፣ የዳሱ በሌላው፣ መልሱ በሌላው ይገባል። ምሳ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ወደ እንጀራው ሲሄድ እኔ ወደ ላፕቶፑ ነው የምሄደው። ገበያው ላይ በስሙ ብቻ 64 የሆነ ካርድ ሞልቷል። አዲስ ካርድ ስትገዛ መጀመሪያ በቪዲዮ ጢም አድርገህ ሙላውና ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ይከፈት እንደሆነ እይ። ሐሰተኛው ከግማሽ በኋላ ይከዳሃል።

ክረምቱን ጠይቀሃል። ቦዲው ትንሽ ካፊያና አቧራ ይችላል። ቢሆንም እኔ ዝናብ ሲጀምር ፌስታል አለብሰዋለሁ፣ በላስቲክ ሌንሱ ላይ አስረዋለሁ፣ አላፍርም። የክረምት ዋና ጠላት ዝናቡ አይደለም፣ ከዝናቡ በኋላ ያለው እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ስለሌለ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ይከርማል፣ መስከረም ላይ ሲከፈት ሌንሱ ሻግቷል። ሻጋታው ቀጭን ቀጭን ክር ሆኖ ከመስታወቱ ጠርዝ ይጀምራል። ቆዳ ቦርሳ ከሁሉ የከፋ ነው፣ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ገዝቼ፣ በጫማና በኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ፍሬዎች ሰብስቤ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጥበታለሁ። እርጥበት ሲጠግቡ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ምጣዱ ለብ ሲል እላዩ ላይ አሰጣቸዋለሁ። ይደርቃሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። ሩዝ ክተትበት የሚልህን አትስማ፣ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

አቧራው ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ነው። አውድማ አጠገብ ሌንስ አትቀይር። የጤፍ እብቅ እንዴት እንደሚበር ታውቃለህ፣ ሴንሰር ላይ ካረፈ ሰማዩ ሁሉ ነጠብጣብ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ግዛ። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ አለበት። ካሜራውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋ ሰው አውቃለሁ። የጎማ አየር ውስጥ ውሃም ዘይትም አለ። ሴንሰሩ ላይ የተረጨውን ለማስጠረግ አዲስ አበባ ድረስ ላከው።

ጥገናም ያው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ሻተር የሚቀይር አላገኘሁም። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፣ ዕቃ የሚያደርስልህ ሰው ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህን ካሜራ ብትገዛ 700ዲውን አትሽጠው። ብቻውን የቆመ አሮጌ ካሜራ ይዘህ ሰርግ አትሂድ።

ቪዲዮ አብሮ ይሠራልኛል ብለህ ካሰብክ ይቅርብህ። እየቀረጽክ የሚንቀሳቀስ ሰው በራሱ ፎከስ አይከተልም። ቀረጻውም 4ኬ አይደለም፣ 1080 ነው።

ደንበኛ ልዩነቱን ያያል ወይ ላልከው፣ ስልክ ላይ አያይም። ትልቅ ተደርጎ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ያያል። ሌላው ካሜራ ማን ፍላሽ አጥፋ ተብሎ ባዶውን የወጣበትን ቦታ አንተ አንስተህ ስትመጣ ደግሞ በደንብ ያያል። እኔ ተክሊል ያለበት ሰርግ ላይ የምጠራው በዚያ የተነሳ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እሱም ላንተ ዋነኛው ነው። 18-55ህ እዚህ ካሜራ ላይ አይገጥምም። ኢኤፍ-ኤስ የተባለው ሌንስ ለክሮፕ ብቻ ነው። 50ው ይገጥማል፣ ግን በ700ዲ ላይ እንደ 80 ሆኖ ሲያገለግልህ የነበረው አሁን ተመልሶ 50 ይሆናል። ስለዚህ ቦዲውን ብቻ ገዝተህ ጥር ላይ የምትወጣው በአንድ ሌንስ ነው። ይህን በዋጋው ላይ ደምረህ አስብ።


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

እህታችን ያለችው ልክ ነው። እኔ የያዝኩት የ6ዲ ታናሽ ወንድም የሚባለውን ካኖን አርፒ ነው። ያለ መስታወት የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ1,299 ዶላር የወጣው። ባትሪና ካርዱን ጨምሮ 485 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ሲውል የማይታወቀኝ እሱ ነው። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ፍሬሙ ዳር ላይ ያለውንም ጭምር። እሷ መሀሉን አሳርፌ ፍሬም አስተካክላለሁ ያለችውን ድካም እኔ አላውቀውም። ስክሪኑ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ጥምቀት ላይ ካሜራውን ከሰው ራስ በላይ አንስቼ ታቦቱን እያየሁ አነሳለሁ። የድሮ ኢኤፍ ሌንሶቼን በአዳፕተር ነው የምጠቀመው፣ ምንም አልጎደለባቸውም።

የሚያናድደኝ ባትሪው ነው። በካኖን ልኬት 250 ፎቶ ነው። ከዚያ በላይ አነሳበታለሁ፣ ግን ለአንድ ሰርግ ብዙ ባትሪ ይዤ ነው የምወጣው። ደግነቱ ፒዲ በሚባለው ዓይነት ፓወር ባንክ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋል። ካርዱም አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ አልተሻሻሉም። 4ኬ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ግን ምስሉን ስለሚቆርጠው ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እስክትነካ ወደ ኋላ ትሄዳለህ።

አቧራ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እወቅ። ሌንሱን ስታወጣው ሴንሰሩ ፊት ለፊት ገጦ ነው የሚያይህ፣ መስታወት የለ፣ የተዘጋ ሻተር የለ። በ6ዲ ቢያንስ መስታወቱና ሻተሩ ከፊቱ አሉ። ለገጠር ሥራ ብዙ ሌንስ የምትቀያይር ከሆነ 6ዲው የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ ካለህና አንድ ሌንስ ገጥመህ የምትውል ከሆነ አርፒ።


ዘንገና (እንጅባራ)፦

እህትዓለም፣ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽው። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉንም እስማማለሁ። ፀሐይ ላይ ልዩነት የለም ያልሽው ለቆመ ሰው ነው። ለሚሮጥ ነገር ልዩነት አለ፣ የሚበልጠው ግን 700ዲው ነው!

ጥር 23 እዚህ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሁለቱንም ይዤ ወጥቻለሁ። ፈረሱ በትይዩ ሳይሆን ወደ አንተ ፊት ለፊት ሲጋልብ፣ የ6ዲ የዳር ነጥቦች አንዱን ይዘው ሌላውን ይለቁታል። በመሀሉ ብቻ ብትከተል ደግሞ የፈረሰኛው ፊት ሁልጊዜ ፍሬሙ መሀል ይሆንና ከላይ ባዶ ሰማይ፣ ከታች የተቆረጠ ኮቴ ይሆናል። 700ዲ 9 ነጥብ ነው ያለው፣ ግን ዘጠኙም መስቀለኛ ናቸው። በሴኮንድ 5 ያነሳል፣ 6ዲ 4.5። ክሮፕ ስለሆነም ሌንሱን ያረዝምልሃል፣ 200ው እንደ 320 ይሆናል። ገመዱ ጋ ቆመህ ከፈረስ ኮቴ ርቀህ ለመሥራት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቾቄ ተራራም ወጥቼበታለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ብርዱ ባትሪ ይበላል። መለዋወጫውን ባትሪ ጋቢ ውስጥ፣ ደረትህ ላይ ያዝ። ከዚያ ብርድ ወደ ሞቀ ጎጆ ስትገባ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጣው፣ ሌንሱ ያልበዋል። እሳት አጠገብማ ጭራሽ አታስጠጋው።


ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። እህቴ፣ እውነት ለመናገር ሌንሱ እንደማይገጥም አንድም ሰው አልነገረኝም፣ ሻጩም ጭምር። ግን ተክሊሉን ስትነግሪኝ ልቤ ወደ ካሜራው ሄደ። በኛ በኩል ለተክሊል ሰርግ ሰው የሚያስመጡት ከባሕር ዳር ነው፣ ያንን ሥራ ማግኘት እፈልጋለሁ።

እንዲህ አሰብኩ። 6ዲውን ከገዛሁ በ50ው እጀምራለሁ፣ 700ዲውን ከ18-55 ጋር ለደጅና ለጭፈራ አስቀረዋለሁ። 85ቷን ከፋሲካ በኋላ። ይሆናል? ሻጩ ቡሬ ነው፣ ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ምኑን ልየው? ሻተሩ ስንት እንዳነሳ ፎቶው ላይ ይጻፋል ወይ?


ጨለማ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)፦

ዘንገና፣ ስለ ፈረሱ ተቀብያለሁ። እኔ ከሙሽራ ሌላ የሚሮጥ ነገር አላነሳም፣ እሷም በታኮ ጫማ ናት።

ዳሞት፣ ሐሳብህ ይሆናል። 50ው ለተክሊል ትንሽ ያጥራል፣ ግን አንተ ወንድ ነህ፣ ቀረብ ብለህ መቆም ትችላለህ። ካህኑን አስቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ፣ የት ድረስ መምጣት እንደምትችልም ያን ጊዜ ጨርስ። ሁለቱንም ካሜራ ይዘህ ስትሠራ ደግሞ ሰዓታቸውን አንድ አድርገህ ሙላ። አለበለዚያ ፎቶዎቹን ስትቀላቅል መልሱ ከሰርጉ ይቀድምብሃል።

የሻተሩ ቁጥር በካኖን ፎቶ ፋይል ላይ አይጻፍም። ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተህ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ነው የምታየው፣ ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። የ6ዲ ሻተር ለ100,000 ነው የተሠራው። ካለፈው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ካለፈ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርድ። ሻጩ ቁጥሩን አላውቅም ቢልህ አያስገርምም፣ አናይም ካለህ ግን ተመለስ።

50ህን ገጥመህ ዳያፍራሙን 16 ላይ አድርግና ሰማዩን አንሳ፣ ስክሪኑ ላይ አሳድገህ ተመልከት። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ነው፣ ይጠረጋል። ጭረት የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ካለ ግን አይጠረግም። ከዚያ መኪና ውስጥ ወይም ሱቁ ጓዳ ገብተህ አይኤስኦ 6400 ላይ አንሳ፣ የምትገዛው ለዚያ ነውና። ኤረር 01 የሚል ካመጣ አትደንግጥ፤ ሌንሱና ካሜራው የሚነካኩበት ቦታ ላይ ግንኙነቱ ተቋርጧል ማለት ነው። ወርቃማዎቹን ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግና ድገመው። ደጋግሞ ካመጣው ግን አልፈው። ከላይ ፍላሽ የሚገባበትንም ፍላሽህን ሰክተህ ሞክር። 6ዲ እንደ 700ዲህ የራሱ ፍላሽ የለውም፣ እዚያ ከተበላሸ ማታ ዳስ ውስጥ ምንም የለህም። ፍላሽ ስትጠቀም ሻተሩ ከ1/180 እንዳያልፍ፣ ካለፈ የፎቶው አንድ በኩል ይጠቁራል።

የራስህን ካርድ ይዘህ ሂድ። የሻጩን ካርድ አትመን። የመንፊያዋን ጎማም ያዝ።

ደግሞ ቻርጀሩን ሳትቀበል ብር እንዳትቆጥር። የ700ዲህ ቻርጀር ለኤልፒ-ኢ8 ነው፣ የ6ዲው ባትሪ ኤልፒ-ኢ6 ነው፣ አይገባም። ቡሬ ላይ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግርሃል፣ ሻጩም ይህን ያውቃል።